የማዮርስቱኗ ጀልባና የእኔ ትንፋሽ

ሰው ጃንጥላ ይረሳል። ቁልፍ ይረሳል። ድስት ምድጃ ላይ ጥዶ ገበያ የሚወጣም ሞልቷል። እኔ ልጅ ረሳሁ። ግርግር ውስጥ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን የረሳኋት ልወስዳት ሄጄ ነው።

ታሪኩን ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። እዚህ ኦስሎ፣ ሆልምሊያ ሰፈር ውስጥ ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ከሆነ ተጨምሮበታል። ልጅቷ ብቻዋን ባቡር ተሳፍራ ስዊድን ድንበር ላይ ተገኘች የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ውሸት ነው። ከባርነሃገዋ፣ ማለትም ከሕፃናት መዋያዋ፣ ግቢ እንኳ ብቻዋን አልወጣችም።

ሶስና ያኔ አራት ዓመቷ ነው። የምትውልበት ባርነሃገ ፕሪንስዳል ነው፤ እኛ የምንኖረው ሆልምሊያ። በመካከላችን ያለው በባቡር አንድ ፌርማታ ብቻ ነው። ባለቤቴ አልማዝ ሲኬየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የማታ ተረኛ ሆና ትሠራ ስለነበር ልጅቷን ከሰዓት በኋላ የማመጣት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን በሰዓቱ ደረስኩ። ቦርሳዋን ከማንጠልጠያው አወረድኩ። የረጠበ ሱሪዋ ያለበትን ፌስታል ያዝኩ። ጓንቷን ፈልጌ፣ ሁለቱንም ማግኘቴ ገርሞኝ፣ ኪሴ ከተትኩ። ቀለሙ ያልደረቀ ሥዕል ነበራት፤ እሱንም እንዳይበላሽ በሁለት እጄ ዘርግቼ ያዝኩ። አሳዳጊዎቹን አንድ በአንድ አመስግኜ ወጣሁ።

ጣቢያው ጋ ደርሼ ባቡር ስጠብቅ አንዲት አሳዳጊ በቤት ጫማ በረዶውን እየረገጠች ስትሮጥ አየሁ። ሶስናን እንደ ዳቦ ብብቷ ሥር ሸጉጣታለች። ምን ሆና ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሶስና አላለቀሰችም። እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አየችና «አባዬ፣ እኔን ትተኸኛል እኮ» አለችኝ፤ የቀረ ዕቃ እንደምታስታውሰኝ አድርጋ።

አልማዝ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «እስክትድን ድረስ እኔ ነኝ የማመጣት» አለች። የማታ ተረኛነቷን ትታ የንጋት ተረኛ ሆነች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ብርድ ሌሊት እየተነሳች፣ እንዳልነቃ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትወጣ፣ እኔ ነቅቼ እንደተኛ ሰው ዓይኔን እጨፍናለሁ። አፈርኩ ብል አይገልጸውም። ከፕሪንስዳል ሆልምሊያ ድረስ ያቺን ትንሽ እጅ ይዤ የምመጣባት ሰዓት ከቀኔ ሁሉ የምጠቅምባት ሰዓት ነበረች። ያቺን ሰዓት ተነጠቅሁ። እንድትመለስልኝ የፈለግሁት እሷ ብቻ ናት።

ሐኪሜ ጥሩ ሰው ነው። ሰሜን ግንባር የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ እንደነበርኩ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የከባድ መሣሪያ ድምፅና የሰው ድምፅ ስለይ መክረሜን ነገርኩት። ያኔ የሰማሁት ነገር አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በር ሲዘጋ እኔ እዚያ ነኝ። የማጠቢያ ማሽን ሲሽከረከር እኔ እዚያ ነኝ። አዳመጠኝና እንዲህ አለ፦ «አእምሮህ አልተበላሸም። በር ላይ ዘብ ቆሞ ነው። ዘብ የቆመ ሰው ደግሞ ጀርባው ቤት ውስጥ ምን እንዳለ አያይም።» ከዚያም ማዮርስቱን ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ላከኝ።

ሕክምናው ባዮፊድባክ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውነትህ ሳታውቀው የሚሠራውን ነገር ለራስህ ማሳየት ነው። ልብህ ሲፈጥን፣ ትንፋሽህ ሲቆራረጥ፣ ጣትህ ሲያልበው ማሽኑ ስክሪን ላይ ያሳብቅብሃል፤ አንተም እያየህ መግራት ትማራለህ። ሰውነት ሲረጋጋ ዘቡ ከበር ይመለሳል፣ ልብ ማለትና ማስታወስም አብሮት ይመለሳል ተባልኩ። ይህን ለአገሬ ልጆች ብናገር «ሽቦ ያስሩብሃል?» አሉኝ። ያስራሉ አልኩ። «ኤሌክትሪክ አለው?» አለው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር እጄን አጥብቀው የሚጨብጡኝ እንደ ተሰናባች ቆጥረውኝ ነው።

ሐኪሟ ማሪት ትባላለች። ከኖርዌይ ሰሜን፣ የበረዶው ወራት ሲገባ ፀሐይ ጠቅልላ ከምትጠፋበት አገር የመጣች፣ ለስላሳ ሴት ናት። ደረቴ ላይ ቀበቶ አሰረችልኝ፤ ትንፋሼን የሚለካው እሱ ነው። ጣቶቼ ላይ ሽቦ ሰካች። ፊት ለፊቴ ከኋላው እንደ ማዳበሪያ ጆንያ ያበጠ ኮምፒውተር አለ፤ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ባሕርና አንዲት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ። ትንፋሼ ከረጋ ጀልባዋ ባሕሩን አቋርጣ ወደቡ ትደርሳለች። ትንፋሼ ድንገት ከተቆረጠ ሞገድ ይነሳል፣ ደወል ይጮሃል፣ ጀልባዋም ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ኖርዌይኛዬ ገና አንካሳ ስለነበር ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አስተርጓሚ መደበልኝ። በሩ ተከፍቶ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ሻለቃ በላይነህ። ሻለቃ የሌላ ክፍለ ጦር ሰው ነበሩ፣ አዛዤም ሆነው አያውቁም፤ ኦስሎ ውስጥ ጠዋት ትምህርት ቤት ያጸዳሉ፣ ከሰዓት ያስተረጉማሉ። ግን ሻለቃ ሻለቃ ነው፣ በዕድሜም አባቴ ይሆናሉ። እንዳየኋቸው ብድግ አልኩ። የጣቶቼ ሽቦዎች ተነቀሉ፣ ቀበቶው ኮምፒውተሩን ጎትቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አደረሰው፣ ማሪት ጮኸች፣ ሻለቃ ኮምፒውተሩን በደረታቸው ደገፉት። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ በእግዜር!» አሉ። ሕክምናው እንዲህ ተጀመረ።

ማሪት ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሴት ሆና ትናገራለች። ሻለቃ ያንኑ ቃል ለአማርኛ ሲያበቁት የሰልፍ ሜዳ ይመስላል። «ትከሻህን ልቀቅ ትልሃለች!»

«ህእ!» አልኩ፣ እንደ ደንቡ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ። ደወሉ ጮኸ።

«ሐሳብህን ሰብስብ ትልሃለች!»

«ህእ!» ደወል።

«አይዞህ፣ የምትፈራው ነገር እዚህ የለም ነው የምትልህ!»

«ህእ!» ደወል፣ ሞገድ። ጀልባዋ ከጀመረችበት ወደብ አልፋ ወደ ኋላ ሄደች፤ ወዴት እንደሄደች ማሪትም አላወቀችም።

በቀጣዩም ቀጠሮ እንዲሁ ሆነ። ሻለቃ ዝም ሲሉ ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ አፋቸውን ሲከፍቱ አውሎ ነፋስ ነው። ማሪት አሰበች፣ አሰበችና የሐኪም መደምደሚያ ላይ ደረሰች፦ ይህ ሰው ወታደር ነበር፣ አስተርጓሚው መኮንን ነበር፣ ስለዚህ ድምፃቸውን ሲሰማ ይሸበራል። በሦስተኛው ቀጠሮ ሻለቃን በትሕትና ደጅ ድረስ ሸኝታ፣ ከእንግዲህ መምጣት እንደማያስፈልጋቸው፣ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የኖርዌይ ሰው ምክንያት አይደብቅም።

የሆነውን መናገር አያስፈልግም፣ ግን እናገራለሁ። ሻለቃ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰላም አላሉኝም። ለሰው ሁሉ «እኔን ሲያይ ልቡ ሊቆም ይደርሳል ብላ አስወጣችኝ! እኔ ወታደር ገርፌ አላውቅም! እኔ ሲጋራዬን ለወታደሮቼ ያካፈልኩ ሰው ነኝ! ምን ብሎ ቢያማኝ ነው?» አሉ። እኔ ሻለቃን አምቼ አላውቅም፤ ማማት ብፈልግ እንኳ የምለውን እረሳው ነበር። ሽማግሌዎች ገቡ። ሻለቃ ቤታችን መጡ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያገለገሉበትን ዘመን ሁሉ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተረኩልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ በየመሐሉ «ህእ!» እያልኩ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር ሰማሁ። ሲነሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ዛሬስ ጥሩ አድርገህ ሰማኸኝ» አሉ። ታረቅን። ማሪት ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

አሁን እኔና ማሪት ብቻ ቀረን። በአንካሳው ኖርዌይኛዬ እንግባባለን። ማሪት ትናገራለች፤ «ህእ!»፤ ደወል። ማሪት ተጨነቀች። ለካ የምፈራው ሻለቃን ብቻ ሳይሆን እሷንም ኖሯል! ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በደንብ እንድሰማ ጠጋ አልኩና አብዝቼ «ህእ!» አልኩ። ወንበሯን ወደ ጎን አዞረች። ቀይ ሹራቧን በግራጫ ለወጠች። በመጨረሻ መናገሩን ትታ በእጅዋ ምልክት ማሳየት ጀመረች፦ መዳፏን ዝቅ፣ ትከሻዋን ዝቅ። እኔም ለምልክት «ህእ» አይባልምና ዝም አልኩ። ባሕሩ ጸጥ አለ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ወንበሩ ይመቻል። ጀልባዋ በቀስታ ባሕሩን አቋርጣ ወደብ ገባች፣ ባንዲራ ሰቀለች፣ ሙዚቃም ተሰማ። የቀሰቀሰኝ ሙዚቃው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዮርስቱን ኩራት ሆንኩ። በመጣሁ ቁጥር እተኛለሁ፣ ጀልባዋ ትደርሳለች። ማሪት ደስ ብሏት አልማዝ ጋ ደወለች፤ ባልሽ በጣም እየተሻለው ነው አለቻት። አልማዝ እንደ ማሪት የዋህ አይደለችም። ወተት፣ ሳሙናና ዳይፐር ግዛ ብላ ላከችኝ። ዳይፐሩ ልጅ ለወለደች ጎረቤታችን ነው። ሄድኩ፣ ሦስቱንም አስታወስኩ፣ ከፈልኩ፣ ገንዘብ ተቀባይዋን አመሰገንኩ፣ ዕቃውን እዚያው ትቼ እጄን አወናጭፌ ቤት ገባሁ።

አልማዝ ባዶ እጄን አየችና «ጀልባዋ ደርሳለች፣ ወተቱ ግን አልደረሰም» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኖቿ ሥር ጥቁረት ነበረ፤ እንቅልፍ ካጣች ከርማለች። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፤ ይህን ለማወቅ ማሽን አላስፈለገኝም።

አንድ ቀን ባርነሃገው ለሠራተኞች ስብሰባ ተዘጋ። አልማዝ ሥራ መግባት አለባት፣ እኔ ቀጠሮ አለኝ፣ ጎረቤታችን ታማለች። ሌላ መላ ጠፋ። አልማዝ ሶስናን ካፖርቷን ቆልፋላት ጎንበስ አለችና «አባትሽን እንዳትለቂው» አለቻት። ለእኔ ምንም አላለችኝም። ሶስና እጄን እንደ ፖሊስ ይዛ ማዮርስቱን ወሰደችኝ።

ቀበቶው ደረቴ ላይ ሲታሰር ሶስና ማሰሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬን አሞታል?» አለች። ማሪትም ምንም እንደማያም ልታሳያት ቀበቶውን ከእኔ ፈትታ ራሷ ላይ አሰረች፣ ሽቦውንም ጣቷ ላይ ሰካች። ጀልባዋ መሄድ ጀመረች። ሶስና ልቧ ተመለሰና፣ የሰው ጆሮ ባገኘች ቁጥር እንደምታደርገው፣ ወሬ ከፈተች። ኖርዌይኛዋ ከእኔ ይሻላል። ባርነሃገ ውስጥ አንድ ልጅ አተር አፍንጫው ውስጥ እንደከተተ ትነግራታለች።

«ያ!» አለች ማሪት፣ «አዎ» ለማለት፣ ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ። ደወሉ ጮኸ።

ሌላ አተር ደግሞ ጨመረ አለች ሶስና።

«ያ!» ደወል። ሞገድ።

ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ አተሩ ግን አብጦ እምቢ አለ።

«ያ!» ጀልባዋ ወደ ኋላዋ ፈረጠጠች።

ሶስና ስክሪኑን አየች፣ ማሪትን አየች፣ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ማሪትም ፈራች!» አለች።

ማሪት ጣቷ ላይ የተሰካውን ሽቦ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «እስቲ እኔ ሳወራህ የምትላትን ነገር በላት» አለችኝ።

«ህእ!» አልኩ።

«ያ!» አለች እሷ፣ እንደኔው አየር ስባ። ደወሉ ጮኸ። ተያየን። ከዚያ በኋላ የሆነውን የጎረቤት ክፍል ሐኪሞች በር ከፍተው መጥተው አይተውታል፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አየር እየሳቡ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፣ ደወሉ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ አንዲት ሕፃን ደግሞ ታጨበጭባለች።

ለካ በሷ አገርም፣ እዚያ ሰሜን፣ ሰው ሲያወራልህ እየሰማሁህ ነው ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። በእኛም አገር ይሳባል። ለሁለታችንም ከልጅነታችን የለመድነው ነገር ስለሆነ አንዳችን የሌላውን ልብ አላልንም። ማሽኑ የተሠራው ሰው ሲስማማ አንገቱን ብቻ በሚነቀንቅበት አገር ነው መሰለኝ፤ ትሕትናችንን ሁሉ እንደ ድንጋጤ ሲቆጥርብን ከረመ። ምስኪኑ ሻለቃ! እኔ ሳከብራቸው ማሽኑ እንደ አውሬ አስቆጠራቸው።

ማሪት ሳቋን ጨርሳ እንባዋን ስትጠርግ ፊቷ ተለወጠ። ማሽኑ ያለፉትን ቀጠሮዎች አስቀምጦ ያቆያል። የትንፋሼን መስመር ወደ ኋላ እየመለሰች ታየው ጀመር። «እይ» አለችኝ። «እዚህ እያወራሁህ ነበር፣ ትስባለህ፣ ትስባለህ፣ ትስባለህ። እዚህ ጋ ግን እያወራሁ ነው፣ አንተ የለህም።» አየሁ። መስመሩ ድንገት አጭርና ደረቅ ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ የሆነ በር የተላተመ ጊዜ ነው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔ ማሪት ላይ ሆኖ፣ ሄጄ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ሳውቅ ኖሬያለሁ፤ የምሄድበትን ቅጽበት ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ልቤ ተነካ። ጦርነቱ ስክሪን ላይ አንዲት ጣት የማትሞላ መስመር ነበረ።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ተገለበጠ። ደወሉ ተዘጋ። ማሪት ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሥራዬ ጀልባ ማድረስ ሳይሆን የጠፋሁበትን ማየትና ትንፋሼን አርዝሜ መመለስ ሆነ። ሆነ ብላ በር ታላትማለች። መጀመሪያ ላይ ቶሎ አልመለስም ነበር። እየቆየ፣ በሩ ሲላተም ሄድ ብዬ፣ «ህእ!» ብዬ እመለሳለሁ። ሻለቃም በክብር ተጠርተው ተመለሱ፤ ማሪት ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ቀበቶውን እኔም ልሞክረው ብለው አሠሩትና ማሪት ስታወራ በሳቡት አየር ባሕሩን አመሱት። «አየህ፣ እኔም ሰሚ ነኝ» አሉኝ በኩራት።

ድኛለሁ አልልም። ጃንጥላ አሁንም አይበረክትልኝም። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ግን አልማዝ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆመች። «ዛሬ ሶስናን አንተ አምጣት» አለችኝ። ከንፈሬን ሳይሆን ደረቴን ነበር የምታየው።

«ህእ!» አልኩ።

ሄድኩ። ባርነሃገው ውስጥ ማንጠልጠያውን ቀና ብዬ አላየሁም። በመጀመሪያ ልጅቷን፣ አልኩ ለራሴ፣ እጇን ያዝኩና ወጣሁ። አሳዳጊዎቹ በመስኮት ተደርድረው ያዩኛል፤ እጇን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ባቡሩ መጣ፣ ገባን፣ ተቀመጥን። ሶስና ስለ አንድ ጥርሱ ስለወለቀ ልጅ መናገር ጀመረች። ጥርሱን አጣው፣ አሸዋ ውስጥ ፈለጉት። «ህእ!» ጠጠር አገኙ፣ ጥርስ ነው ብለው ተጣሉበት። «ህእ!» በሮቹ ተከፍተው ተዘጉ፤ ሰማኋቸው፣ ግን አልሄድኩም፣ እዚያው ከእሷ ጋር ነበርኩ። ታሪኩ መሐል ላይ በመስኮት ስመለከት የማላውቀው አገር ነው።

አንድ ፌርማታ ብቻ ነበረ። እሱን አለፍነው።

ኮልቦትን ላይ ወርደን የስልክ ሳጥን ፈለግሁ። አልማዝ ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«የት ናችሁ?»

«ኮልቦትን ነን። ሆልምሊያን አለፍነው።»

«ቦርሳዋስ?»

ትከሻዬን ዳሰስኩ፣ እጄን አየሁ። «ባርነሃገ ቀርቷል። ጓንቷም፣ የውጭ ጫማዋም።»

 በቀጭን ድምፅ «ሶስናስ?» አለች።

«እዚህ ናት» አልኩ። «እጄን ይዛለች። የጥርሱን ወሬ ገና አልጨረሰችልኝም።»

 አልማዝም፣ እኔን መስማት ከተወች ከስንት ወር በኋላ፣ ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «ህእ» አለች።